ጦር ተሸክማ የተመለሰችው ሽመላ

እ.ኤ.አ. በ1822 በግንቦት ወር፣ በሰሜን ጀርመን በመክለንቡርግ ምድር፣ ክሉትስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንዲት ሽመላ በጥይት ተመትታ ወደቀች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሽመላዋ መገደል ብቻውን ወሬ ባልሆነ ነበር። ሰዎቹን ያስደነቃቸው በድኗን ሲያነሡ ያዩት ነገር ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ጫፉ ብረት የሆነ ጦር አንገቷን በስቶ ወዲያና ወዲህ ወጥቶ ነበር። ጦሩ ሲመረመር የመካከለኛው አፍሪካ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ይህች ወፍ አፍሪካ ውስጥ ተወግታ፣ ጦሩን በአንገቷ እንደ ተሸከመች በረሃውን አቋርጣ፣ ለጸደይ አገሯ ገብታ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ አልፋ የመጣችውን ወፍ በደጃፋቸው በጥይት ጣሏት። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ዛሬ ደርቃ፣ ጦሩም ሳይነቀልላት፣ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ስብስብ ውስጥ ቆማለች።

የአንዲት ወፍ ሞት ይህን ያህል ለምን ተወራ? በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ወፎቻቸው በብርድ ወራት የት እንደሚገቡ ገና ይከራከሩ ስለ ነበር ነው። አርስጣጣሊስ አንዳንድ ወፎች ላባቸውን ጥለው ጉድጓድ ውስጥ ይደበቃሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ስዊድናዊው ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዓሣ አጥማጆች በጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራውን፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለውን ትንሽ ወፍ ከበረዶ ሥር በመረብ እየጎተቱ እንደሚያወጡ ተረከ። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ወፎቹ ጨረቃ ላይ ይከርማሉ እስከ ማለት ደረሰ።

አርስጣጣሊስን ግን ሙሉ በሙሉ መሳቂያ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ያው ሰው ስለ ሌላ ረጅም እግር ወፍ ሲጽፍ፣ ከሰሜን ሜዳዎች ተነሥታ ከግብፅ በላይ ዓባይ ወደሚፈልቅበት ረግረግ ትወርዳለች ብሏል። ይህ እውነት ነው። ከ2 ሺህ 300 ዓመት በፊት ወደ እኛ ሰፈር ጣቱን ጠቁሞ ነበር። የኤርምያስ መጽሐፍም በምዕራፍ 8 ላይ ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ይናገራል። የሽመላ መንገድ በሚያልፍበት አገር ለኖረ ሰው ይህ ምሥጢር አልነበረም።

አውሮፓውያኑ መምጣቷን በሚገባ መዝግበዋል። እንግሊዝ ውስጥ በኖርፎክ የኖረው ሮበርት ማርሻም ከ1736 ጀምሮ የጸደይን ምልክቶች ቀናቸውን ጻፈ፤ የመጀመሪያዋ እንግዳ ወፍ የታየችበትን ቀን ጭምር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹም መዝገቡን ተቀብለው እስከ 1958 ቀጠሉበት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ! እንዲህ ያለው መዝገብ ግን ወፏ ከየት እንደ መጣች አይናገርም። ግማሽ ደብዳቤ ነው። ሌላውን ግማሽ ያወቀው ጦሩን የወረወረው ሰው ነበር። ሽመላዎቹ መቼ እንደሚመጡና መቼ ተነሥተው እንደሚሄዱ እሱም ሆነ አገሩ ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ስሙ የትም አልተጻፈም። ለሳይንስ ያበረከተው ጦሩን ብቻ ነው፤ እሱንም ያበረከተው ምሳውን ስቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ፍላጻ ወይም ጦር ተሰክቶባቸው የተመለሱ ሽመላዎች 25 ያህል ተቆጥረዋል፤ ጀርመኖች «የፍላጻ ሽመላ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ነገር ግን ተወግታ የምትተርፍ ወፍ እየጠበቁ ዕውቀት መሰብሰብ አይቻልም። መላውን ያገኘው ዴንማርካዊው መምህር ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። በመጀመሪያ የዚንክ ቀለበት በወፍ እግር ላይ ሞከረ፤ ከበደ። በ1899 ቪቦርግ በተባለችው ከተማ አድራሻና ቁጥር የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት ለ165 ወፎች አሰረ። ብዙም ሳይቆይ በባልቲክ ዳርቻ በሮሲተን ዮሐንስ ቲነማን ያንኑ ለሽመላዎች አደረገ፤ ቀለበቶቹም ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ይመለሱ ጀመር። ልብ በሉ፤ ቀለበት የሚመለሰው አንድ ሰው የወደቀችውን ወፍ አንሥቶ፣ አድራሻውን አስነብቦ፣ ደብዳቤ ሲልክ ነው።

የእኛ ድርሻ ከዚህ ላይ ይመጣል። ሽመላና ንስርን የመሰሉ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፈው ነው የሚጓዙት። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ጠባብ መተላለፊያ ይፈልጋሉ፤ በሰሜን ሲናን፣ በደቡብ ባብ ኤል መንደብን። በ1987 የመከር ወራት ጅቡቲ ላይ የቆሙ ቆጣሪዎች ከዐረብ ምድር ወደ እኛ ወገን የሚሻገሩ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አሞሮችን ቆጠሩ። በ1985 ጸደይ ደግሞ በቀይ ባሕር ራስጌ በኤላት ወደ ሰሜን ሲመለሱ የታዩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የእነሱ ጸደይ ሲገባ እኛ ዘንድ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ገበሬው በልግ ይጠብቃል፣ እንግዶቹ ይሄዳሉ።

መንገዱ ግን ጦር አለው። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው እዚህ የሚከርሙት ወፎች 200 ዓይነት ገደማ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ፊቱ ቢጫ፣ ላባው ነጭ የሆነው የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው። ከቡልጋሪያ፣ ከግሪክና ከቱርክ በሳተላይት መሣሪያ የተከተሏቸው ብዙዎቹ መክረሚያቸው ኢትዮጵያ፣ በተለይም አፋር ሆኖ ተገኝቷል። በባልካን አገሮች ቁጥሩ እየመነመነ ሲሄድ ጠባቂዎቹ ጎጆውን ጠበቁ፣ መርዙን ከለከሉ፤ ወፉ ግን መቀነሱን አላቆመም። አንዱ ምክንያት ጎጆው ያለበት አገር አልነበረም። በ1950ዎቹ ከፖርት ሱዳን አጠገብ የተዘረጋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ መስመር፣ ምሰሶው ላይ ሊያርፉ የመጡትን ወፎች ለአሥርተ ዓመታት ሲገድል ኖሯል። በ1982 ከምሰሶዎቹ ሥር በድኖቹ በብዛት ተገኙ፤ መስመሩ በማይጎዳ መስመር የተተካው ግን በ2014 ነው። በመካከሉ 32 ዓመት አለ።

እዚህ በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየሐይቁ ዳር ወፍ ሲያስቆጥር ቆይቷል። እኔ ግን ማርሻምን አስባለሁ። እሱ መነጽርም ሳተላይትም አልነበረውም፤ ደብተርና ቀን ብቻ። ቢሾፍቱ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሽመላዎቹ ተሰብስበው፣ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ እየዞሩ ከፍ ከፍ ብለው ወደ ሰሜን ሲያዘነብሉ ያየ ሰው፣ ያን ቀን ቢጽፈው፣ ክሉትስ ላይ ለሁለት መቶ ዓመት የጎደለው የደብዳቤው ግማሽ እሱ ነው። በአፋር ቄራዎች ዙሪያ የከረሙት ጥንብ አንሳዎችም በመጋቢት ይነሣሉ። ቡልጋሪያ ውስጥ የጎጆ ጠባቂዎች መነጽራቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ይጠብቋቸዋል።