ብዕርም የታጠቁ አርበኛ፦ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ ዛሬ በስደት ዓለም ስለ ዴሞክራሲና ስለ እኩልነት ጉሮሯችን እስኪነቃ እንከራከራለን። በየስብሰባው መድረኩን የምንይዘው ግን እኛው ወንዶች ነን። ሁለት ዲግሪ ያላት እህታችን ድርሻዋ የገንዘብ ማሰባሰቢያውን እራት ማዘጋጀት ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን ከጥፋቱ ነፃ አድርጌ አይደለም። ለመሆኑ የነፃነት ታሪካችን ያስተማረን ይህንን ነው?

አርበኛ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጎፈሬውን ያጎፈረ፣ ጠመንጃ ያነገተ ወንድ ነው። ሴቶቹን ብናነሳ በስንቅ አቀባይነታቸው ነው። ስንቅ ማቀበል ታላቅ ውለታ ነው፤ ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እንውሰድ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ፣ በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ካዴቶች ከተሰባሰቡበት ከጥቁር አንበሳ ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ተሰለፉ። በጠላት እጅ ወድቀውም ባሕር ተሻግረው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እያደኑ የፈጁት፣ የተማረ ሰው ለነፃነት ምን ማለት እንደሆነ ስለገባቸው ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ከነፃነት በኋላ «ታግያለሁ፣ ይበቃኛል» አላሉም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርዕሰ መምህርት ሆኑ። ስለ አርበኝነቱ ዘመን ድርሰት እየጻፉ በተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ አሳዩ፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው ምርጫም የመጀመሪያዋ የሕዝብ እንደራሴ ሴት ሆነው ፓርላማ ገቡ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ጠመንጃ ጠላትን ያስወጣል። የተገኘው ነፃነት ምን እንደተከፈለበት ለትውልድ የሚያስረዳው ግን አስተማሪና ጸሐፊ ነው። ያንን ሥራ በግንባር ቀደምትነት ከሠሩት አንዷ እኒህ ሴት ናቸው።

ስማቸውን የሴቶች ቀን ሲደርስ ብቻ አንስተን ብንመለስ ውለታቸውን አልከፈልንም። በሚቀጥለው ስብሰባ እህቶቻችን እራቱን ከማቅረባቸው በፊት ሐሳባቸውን ያቅርቡ። እራቱን ደግሞ እኛ እናብስለው።

ቸር ያሰማን!