ከሳሪስ አቦ እስከ ታክሲ ወረፋ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሐበሻ ልደት የተጠራ ሰው ያውቀዋል። ኬኩ ሊቆረስ ሲል አንድ ጎረምሳ ብድግ ይልና ከአንዷ ሕፃን ጆሮ ሥር ሳንቲም ያወጣል፤ የቀደደውን ሶፍት መልሶ ሙሉ ያደርገዋል፤ እናቶች እልል ይላሉ። በቅርብ ዓመታት የመጡት ሰዎች ምትሃቱ ከድፎ ዳቦው ጋር አብሮ የነበረ ይመስላቸዋል። ልጁን የት እንደተማረ ሲጠይቁት «ከዩቲዩብ» ይላቸዋል። አልዋሸም። ግን ዩቲዩብ ሳይፈጠር ጣታችን እስኪላጥ ካርታ የበወዝን ሰዎች ነበርን፤ አብዛኞቻችንም ገና በሕይወት አለን።

የትልቁን ታሪክ ቀን እኔም ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። የአሜሪካ ምትሃተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ፣ አንድ የምትሃት ዕቃ መሸጫ ጓዳ ውስጥ ተቋቋመ፤ በኋላ ሁዲኒ እስኪሞት ድረስ መራው። በእኛ በኩል አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የልጆችን ጊዜ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ፤ ተረት ብቻ ያወሩ ለሚመስለው፣ መድረክ ላይ ምትሃትም ያሳዩ ነበር። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሌላ ያንብብ።

እኔ ያደግሁት ሳሪስ ነው፣ ከአደይ አበባ ፋብሪካ ብዙም ሳይርቅ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የመጀመሪያ መምህሬ ቁማርተኛ ነው፣ ይቅር ይበለው። መጋቢት 5 ቀን አቦ ሲነግሥ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ይልና ካርቶን ዘርግቶ ሦስት ካርታ ያንቀሳቅሳል። «ቀይዋን ያየ!» ይላል። ቀይዋን ሁላችንም አይተናል፤ ስትገለጥ ጥቁር ናት። አንዱ በግ የሸጠበትን ብር አስረክቦ ሲያለቅስ ሌላው ይስቃል። እኔ ገንዘብ ስላልነበረኝ አልተበላሁም፤ የማየው እጁን ነበር። ሁለት ካርታ ባንድ እጁ ይይዝና ታችኛዋን የጣለ አስመስሎ ላይኛዋን ይጥላል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ግን ይህን እስክይዝ ብዙ ንግሥ አለፈ። ስሙኒ መዳፌ ውስጥ መደበቅንም የለመድኩት ያኔ ነው።

በ1988 ዓ.ም. በዲቪ መጣሁና እንደ ብዙው ሰው ታክሲ ያዝኩ። የዋሽንግተን ታክሲ ያን ጊዜ ሜትር አልነበረውም፤ በዞን ነበር የምናስከፍለው። ናሽናል ኤርፖርት ወረፋ ሲያዝ ሰዓቱ አይገፋም። ሐበሻው የመኪና ኮፈን ላይ ኮንከር ይጫወታል። አንድ ቀን ሲሰለቸኝ የሳሪሱን ሦስት ካርታ አሳየኋቸው። ሳንቲም እንኳ አላስያዝኩም፤ ይህን የምለው በኋላ ሌላ ወሬ ስለተወራ ነው። ኮንከሩ ተረሳ፣ «እስቲ ድገመው» ሆነ፣ ወረፋችን ደርሶ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ እስኪነፉብን ድረስ። እኔን የጠየቀ ሰው ካለ፣ የሐበሻ ምትሃት ዋሽንግተን የገባው በዚያ ቀን ነው።

ከወረፋው ባልደረቦቼ አንዱ፣ የናዝሬቱ ሰውዬ፣ ይህን አይቀበልም። እሱ መጽሐፍ ነበረው፤ «ሮያል ሮድ ቱ ካርድ ማጂክ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን፣ ርካሹን እትም ገዝቶ ከወንበሩ ሥር ያስቀምጥ ነበር። መጽሐፉ የሚጀምረው ካርታ ከመበወዝ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ይወስዳል። በእሱ አነጋገር እኔ ያመጣሁት ማጭበርበር ነው፣ ምትሃቱን ያመጣው እሱ ነው። ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ መግለጥን እሱ እንዳስተማረን አልክድም። ግን መስኮት ዘግቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ የኖረ ሰው ምን አስጀመረ ይባላል?

ቬርሞንት ጎዳና ላይ የአል ምትሃት ሱቅ የሚባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ባለቤቱ አል ኮኸን ባንኮኒው ላይ አንድ ነገር ካሳየህ ሳትገዛ መውጣት ዘበት ነው። ለአምስት ደቂቃ ብለን እንገባለን፤ ስንወጣ መስታወታችን ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ተለጥፎ ይጠብቀናል። የስፖንጅ ኳስ፣ ገመድ፣ መሀረብ የሚደበቅበትን የጎማ አውራ ጣት ከዚያ ነው ያመጣነው። አውራ ጣቱ ግን የፈረንጅ ቆዳ ቀለም ነበረው። እኛ ላይ ከሩቅ ያበራል! በጫማ ቀለም ቀባነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነጩን መሀረብ አጨማለቀው። ዛሬ በየዓይነቱ ቀለም በስልክ ለሚያዝዘው ልጅ ይህን ብትነግረው ቀልድ ይመስለዋል።

ከሁላችንም የበለጠችው ግን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የነበረች የጎንደር ልጅ ናት። አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ በኳርተር ትለማመዳለች። ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ ያሳለፈች ትመስላለች፤ ዓይኗ ግራ እጇን ይከተላል፤ አንተም ትከተላለህ፤ ሳንቲሙ ግን ከቀኟ አልወጣም። እኛ ወንዶቹ የደበቀውን እጃችንን እያየን ስለምንሠራ ነበር የምንያዘው። ለልጆች መሥራትንም ያመጣችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ ስሟን በክብር ያነሳ አልሰማሁም፤ እሷም ስሜን አትጻፍ ብላኛለች።

የመጀመሪያው ልደት አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አፓርታማ የግብዣ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እሷ በሳንቲም፣ እኔ በመሀረብ። የናዝሬቱ ሰውዬ ከዚያ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ የክርስትና ድግስ ላይ ሠርቻለሁ ይላል። እኔም እዚያ ድግስ ነበርኩ። ካርታውን ያሳየው ጓሮ ውስጥ ጠጥተው ለሞቃቸው ሰዎች ነው፤ ሕፃናቱ ተኝተዋል።

አሌክሳንድሪያ ግን ልንባረር ነበር። አንዲት እናት «ድግምት ነው!» ብለው ልጃቸውን ጎትተው ተነሡ፤ ሌሎቹም ኮታቸውን ማንሳት ጀመሩ። የጎንደሯ ልጅ ቀስ ብላ ሄዳ፣ «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብላ፣ ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አድርጋ አያያዙን አሳየቻቸው። እሳቸውም ሞከሩት፤ ወደቀባቸው፤ ሳቁ። ልጃቸውን መልሰው አስቀመጡ። ምትሃተኛ ምስጢር አያወጣም ይባላል። ያ ደንብ ተመልካቹ ጠንቋይ ነህ ብሎ ለማይጠረጥረው ፈረንጅ ይሠራል። እኛ በየቤቱ እናቶችን ያላስተማርናቸው ቢሆን ዛሬም በር ላይ ነበርን። አሁን ያሉት ጎረምሶች ይህን ስለማያውቁ ዘዴውን በጠየቃቸው ሰው ሁሉ ይኮሩበታል፤ ያስከፋኛል።

ኳሳችን እንኳ ታሪክ አለው፤ የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 መመሥረቱን ሁሉም ያውቃል። እኛ ግን አንድ የበዓል ኮሚቴ አንዲት ጠረጴዛ ስንለምነው «ቁማርተኛ አናስገባም» አለን። ይኸው ኮሚቴ ዛሬ ጎረምሶቹን ከፍሎ ያስመጣል። የእኛ ክፍያ ዶሮ ወጥ ነበር፤ ያውም እንቁላሉ ካለቀ በኋላ። ባለፈው ደግሞ ሳሪስ ያለው የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደውሎ ሦስት ካርታ አሳየኝና «የአሜሪካ ነው፣ ጋሼ፣ አታውቀውም» አለኝ። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁም በኋላ ተናደድሁ።

የአሌክሳንድሪያውን ልደት የሕፃኗ አባት ቀርጾታል። ካሜራው ቀኑን በስክሪኑ ጥግ ይጽፍ ነበር፤ ስለዚህ ክርክሩ የሚያልቅበት መንገድ አለ። ቤተሰቡ ወደ አትላንታ ሄዷል ተብሏል። ካሴቱ እጁ ያለ ሰው ያምጣው፤ የናዝሬቱ ሰውዬም የክርስትናውን ካሴት ይፈልግ። ማጫወቻው እኔ ጋ አለ፣ ይሠራል።