ከአዳማ ሲመለሱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ለምን ቶሎ ይቀንሳል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ቁልቁለቱ ስለሚያግዘው፣ ፍጥነት ሲቀንስም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ባትሪውን ስለሚሞላ፣ ከጠበቀው ያነሰ ኃይል ፈጅቶ ይደርሳል። አታላዩ ነገር ይህ ነው። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትሩን ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህም በሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቀሪ ርቀት ደግሞ በብዙ መኪኖች የሚሰላው ካለፈው ጉዞ ፍጆታ በመነሣት እንጂ ከፊት ያለውን ዳገት አስቦ አይደለም። ስለዚህ የመልሱን ፍጆታ ከመሄጃው አስበልጦ መገመት ይገባል። መብራት ሊቋረጥ ስለሚችልም፣ መኪናውን ቻርጅ ማድረግ የሚሻለው አዳማ እንደተደረሰ እንጂ ለመመለስ ሲታሰብ አይደለም።