ለሳፋሪ ጉብኝት ከመነሳት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

“ሳፋሪ” የሚለው ቃል በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት የዱር እንስሳትን በተፈጥሮ መኖሪያቸው ለመመልከት የሚደረግ ጉብኝት መጠሪያ ሆኗል። በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት ሥፍራዎች መካከል 14 ሺህ 763 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክና በሰሜን የሚያዋስነው የኬንያው ማሳይ ማራ ይገኙበታል። ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ወደ ናይሮቢና አሩሻ የሚያቀኑ የመንግሥት ሠራተኞች የዕረፍት ቀናቸውን ተጠቅመው እነዚህን ሥፍራዎች ሊጎበኙ ይችላሉ። ጉብኝቱ የተሟላና ከአደጋ የራቀ እንዲሆን ግን ዝግጅቱ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ መጀመር ይኖርበታል።

ወቅትን ስለመምረጥ

የቆርኬ ዘመድ የሆኑት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስቶች ዝናብና ሣር እየተከተሉ ዓመቱን ሙሉ በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል ይዘዋወራሉ። በጥር መጨረሻና በየካቲት በደቡባዊው ሴሬንጌቲ አካባቢ ይወልዳሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ደግሞ የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ይታያሉ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ የሚጥልበት ወቅት በመሆኑ የፓርክ ውስጥ መንገዶች ለመኪና አስቸጋሪ ይሆናሉ።

ቢጫ ወባና ወባ የተለያዩ ናቸው

ከዝግጅቶቹ ሁሉ ከፍተኛ ትኩረት የሚሻው የጤና ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዱን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት መያዝ ይገባዋል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀናት በኋላ በመሆኑ በመነሻው ዋዜማ መከተብ ዋጋ የለውም። ቀደም ሲል በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረው ይህ ወረቀት ከሐምሌ 2008 ዓ.ም ጀምሮ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተደርጓል።

የስም መመሳሰል ግን ሊያሳስት አይገባም። በቢጫ ወባ የተከተበ ሰው ከወባ አልተጠበቀም። ሁለቱ በሽታዎች መንስዔያቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው በቫይረስ፣ ሁለተኛው በጥገኛ ተሕዋስ ይመጣሉ። አፍሪካዊ መሆንም በራሱ መከላከያ አይሆንም። ከፊል የመቋቋም አቅም የሚኖራቸው ወባ በሚበዛበት አካባቢ ኖረው በተደጋጋሚ የታመሙ ሰዎች ሲሆኑ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከአውሮፓ ከሚመጣ ጎብኚ ብዙም አይለይም።

በመሆኑም ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሮ የመከላከያ መድኃኒት መያዝ ተገቢ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከተመለሱም በኋላ ለ4 ሳምንታት ይቀጥላል። ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስለማይመከር ለእነርሱ ሌላ መድኃኒት ሐኪም ይመርጣል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባትና አጎበር ያስፈልጋሉ።

ልብስና ጓዝ

ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ቀለም የቆላ ዝንብን ስለሚስብ ካኪ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ልብስ ይመረጣል። የወታደር ልብስ የሚመስል መልበስ ግን ተገቢ አይደለም። የንጎሮንጎሮ አፋፍን የመሳሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች ማለዳ ስለሚቀዘቅዙ ሹራብ መያዝ ይጠቅማል። በአነስተኛ አውሮፕላን ለሚጓዙ የሚፈቀደው ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን፣ ከሻንጣ ይልቅ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ይጠየቃል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርም ከጓዙ ሊካተት ይገባል። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም፣ ታንዛኒያ ደግሞ ከግንቦት 2011 ዓ.ም ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢቶችን ስለከለከሉ ዕቃን በፌስታል ጠቅልሎ መግባት ያስቀጣል።

ሰዓትን ስለማስተዋል

ሦስቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ቲኬትና የጉዞ መርሐ ግብር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሹፌር ጋር የመነሻ ሰዓት ሲቀጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በፓርክ ውስጥና ከጉዞ መልስ

በፓርክ ውስጥ ካልተፈቀደ ቦታ ከመኪና መውረድ፣ መጮህና እንስሳትን መመገብ የተከለከለ ነው። መኪና የለመደ አንበሳ ሰው ከመኪና ሲወርድ ጠባዩ ሊለወጥ ስለሚችል የአስጎብኚን ትእዛዝ ማክበር ሕይወትን ማዳን ነው።

ጉዞው ቤት በመድረስ ብቻ አይጠናቀቅም። የወባ ምልክት ከተነከሱ ከ7 ቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ትኩሳት የተሰማው መንገደኛ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይዘናጋ በዚያው ዕለት የደም ምርመራ ማድረግ፣ የት ቆይቶ እንደመጣም ለሐኪሙ መንገር ይጠበቅበታል። ከባዱ የወባ ዓይነት ሕክምናው ከዘገየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት የሚዳርግ ሲሆን፣ በጊዜው ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።