ሣጥኑን የሚያዝዘው ማን ነው? የራውተር ክፍት ፈርምዌር ታሪክ ከነገሌ ቦረና አንጻር

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር በምግብና በውሃ ምክንያት አመፀ። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ለቁጣው መነሻ ሆነ። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ታግተው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ መገደዳቸው በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል። የመገናኛ ባለሙያን ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ እንዲያስተላልፍ የተተከለው የጦሩ የሬዲዮ መገናኛ፣ የነገሌን ወሬ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር አደረሰ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በመሣሪያው ፊት የተቀመጠው ሰው ሐሳብ ብቻ ነበር።

ዛሬ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ተሰቅሎ በሚታየው የሬዲዮ መሣሪያ፣ ማለትም በገመድ አልባው ራውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው የለም። ራውተር ከውጭ የሚመጣውን አንድ የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ ለስልኮችና ለኮምፒዩተሮች በሬዲዮ ሞገድ የሚያከፋፍል ትንሽ ሣጥን ነው። በሰው ፈንታ የሚያዝዘው ፈርምዌር ይባላል፤ ይኸውም ፋብሪካው በሣጥኑ ቋሚ ማኅደር ውስጥ ጽፎ የሚያስቀምጠው የሥራ መርሐ ግብር ነው። የሣጥኑ ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ ዕቃውን ቢገዛም ትእዛዙን አልገዛም። ፋብሪካው ያልፈቀደውን ሣጥኑ አይሠራም፤ ፋብሪካው ጥገናውን ያቆመ ዕለትም በመርሐ ግብሩ ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ይህን ሥርዓት የሰበረው ድርጊት ከአንድ ኩባንያ ቸልተኝነት የተወለደ በመሆኑ ታሪኩ በሰፊው መተረክ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደብሊው-አር-ቲ 54ጂ የተሰኘውን ራውተር ለገበያ አቀረበ። ሣጥኑ ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ ሁለት አንቴና ነበረው፤ በውስጡም 16 ሜጋባይት የሥራ ማኅደርና 4 ሜጋባይት ቋሚ ማኅደር ይዟል። በቀጣዩ ዓመት ሲስኮ ሊንክሲስን 500 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ገዛ። ከግዢው ጋር አብሮ የመጣውን ዕዳ ግን ያወቀ አልነበረም። ሊንክሲስ የመሣሪያውን ዋና ቺፕ የወሰደው ከብሮድኮም ሲሆን፣ ሣጥኑን የሠራለት ደግሞ የታይዋን ፋብሪካ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣው ፈርምዌር የተመሠረተው በሊኑክስ ላይ ነበር።

ሊኑክስ በሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል ሥርዓት ቢሆንም ባለቤት አልባ ዕቃ አይደለም። የሚሰራጨው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ መሠረት ሲሆን፣ ፈቃዱ አንድ ጥብቅ ግዴታ ይጥላል። መርሐ ግብሩን በዕቃው ውስጥ አድርጎ የሚሸጥ ሁሉ፣ ገዢው ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችለውን የምንጭ ጽሑፍም መስጠት አለበት። ሊንክሲስ ይህን አላደረገም። እ.ኤ.አ. በጁን 2003 አንድሩ ሚክላስ የተባለ ሰው በሣጥኑ ውስጥ ሊኑክስ መኖሩን፣ የምንጩ ጽሑፍ ግን አለመሰጠቱን ለሊኑክስ አዘጋጆች አስታወቀ። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጽሑፉን ይፋ አደረገ። ለዘመናት ለአሳታሚና ለፋብሪካ ጥቅም ሲያገለግል የኖረው የቅጂ መብት ሕግ በዚህ ጊዜ ለዕቃው ገዢ መሥራቱ ከታሪኩ ሁሉ የላቀው ነጥብ ሳይሆን አይቀርም።

ጽሑፉ መገኘቱ ግን በቂ አልነበረም። አዲሱን መርሐ ግብር ወደ ሣጥኑ የሚያስገባ መንገድ ያስፈልግ ነበር። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ሌላ ኮምፒዩተር በመስመር ላይ መኖሩን የሚፈትሽ ቦታ አለ። በዚያ ቦታ ከአድራሻ ይልቅ ትእዛዝ ሲጻፍ ሣጥኑ ሳያቅማማ ይፈጽመው ነበር። ፋብሪካው ያላየው ይህ ስሕተት ለባለቤቶቹ በር ሆነ። በበሩ ገብተው አስቀድመው የለወጡት አንድ ቅንብር ነበር፤ ሣጥኑ በተቀሰቀሰ ቁጥር ጥቂት ሴኮንድ ቆሞ በገመድ የሚላክለትን አዲስ ፈርምዌር እንዲጠብቅ የሚያደርገውን። ሥራው ቢበላሽ እንደገና የመጀመር ዕድል የሚሰጠው ይኸው ቅንብር ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ኦፕን ደብሊው-አር-ቲ የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ስሙንም የወሰደው ከሊንክሲስ ሣጥን ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ከፋብሪካው የተሻለ አንድ ያለቀለት መርሐ ግብር በማቅረቡ ሳይሆን፣ ባለቤቱ የሚሻውን ክፍል እየመረጠ የሚጭንበትን መሠረት በማበጀቱ ነው። ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሣጥኑን ማኅደር በግማሽ ቀንሶ ሊኑክስን በሌላ ሥርዓት ተካ። ቅሬታው ሲበዛ ግን የቀድሞውን ሣጥን በአዲስ ስም፣ ደብሊው-አር-ቲ 54ጂ-ኤል ብሎ መልሶ ለመሸጥ ተገደደ። የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲስኮን በፍርድ ቤት ከሶ ጉዳዩ በ2009 በስምምነት ተዘጋ።

ይህ ሁሉ ለነገሌ፣ ለያቤሎ፣ ለሜጋ ወይም ለሞያሌ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው በወረፋ ላይ ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንዲህ ባሉ ከተሞች አንዱን መስመር ብዙ ሰው ሲጋራው፣ ከመካከላቸው አንዱ ትልቅ ፋይል መላክ የጀመረ እንደሆነ የሌላው የስልክ ድምፅ ይቆራረጣል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የመስመሩ ጠባብነት ቢሆንም፣ ጂም ጌቲስ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዳስረዳው ጥፋቱ በአብዛኛው በሣጥኖቹ ውስጥ ነው። ማኅደር ስለረከሰ ፋብሪካዎች ወረፋውን ከመጠን በላይ አስረዘሙት፤ አጭሩ የድምፅ መልእክትም ከረጅሙ ፋይል ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጄኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ወረፋውን በርዝመቱ ሳይሆን በቆይታ ጊዜው የሚቈጣጠር ዘዴ አወጡ። ዴቭ ታት እና ባልደረቦቹም ይህን ዘዴ ከኦፕን ደብሊው-አር-ቲ በተቀዳ ሥርዓት ላይ እየፈተኑ አጎለበቱት። ታት እ.ኤ.አ. በ2025 ሲያርፍ ሥራው በዓለም ዙሪያ በማይቈጠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር።

ዘዴው እንዲሠራ ባለሙያው የራውተሩን ፍጥነት ከመስመሩ እውነተኛ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መወሰን አለበት፤ ወረፋው ሊቈጣጠሩት በማይቻል ሩቅ ቦታ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ይሠራ ዘንድ። ተአምር ግን አይደለም። ለምሳሌ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወረዳኔት አማካይነት ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች እንደተዘረጋው ያለ የሳተላይት መስመር፣ መልእክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ እስኪወርድ፣ መልሱም በዚያው መንገድ እስኪመጣ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ይህን የሚያሳጥር ፈርምዌር አይገኝም።

ለቆላው ባለሙያ ከሁሉ የሚያሰጋው ሰዓት አዲሱ ፈርምዌር የሚጻፍባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በእነዚያ ደቂቃዎች መብራት ከጠፋ አሮጌው ትእዛዝ ተፍቆ፣ አዲሱም ሳይሞላ ሣጥኑ በድን ሆኖ ሊቀር ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ይህ በቀላሉ የሚታይ አደጋ አይደለም። ደግነቱ ከሊንክሲሱ ሣጥንና ከመሰሎቹ አብዛኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ የመኪና ወይም የፀሐይ ኃይል ባትሪ ያንቀሳቅሳቸዋል። ፈርምዌር ከመለወጥ አስቀድሞ ባትሪ ማዘጋጀት እንግዲህ ለጥንቃቄ የሚጨመር ነገር ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ሕጉም መዘንጋት የለበትም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መሥራትን፣ መገጣጠምን፣ ማስመጣትንና ለሽያጭ ማቅረብን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አድርጎ ደንግጓል። አዋጁ ፈርምዌርን በስም ባያነሳም፣ ቅጣቱ የከበደ በመሆኑ መስመሩን ለጎረቤት ለማከፋፈል ወይም የሬዲዮውን ኃይል ከተፈቀደው በላይ ከፍ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ ቁጥጥሩን ለራሱ ባለሥልጣን ሰጥቷል። የሞገድ ኃይል ጉዳይ በሌላም አገር አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቲፒ-ሊንክን በኃይል ወሰን ጥሰት 200,000 ዶላር ቢያስከፍለውም፣ ኩባንያው ለክፍት ፈርምዌር በሩን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ በዚያው ስምምነት አስገብቶታል። ሞገዱን መቈጣጠርና ባለቤቱን ከገዛ ዕቃው ማገድ አንድ እንዳልሆኑ የተረዳ ውሳኔ ነበር።

ይሁንና ክፍቱ ፕሮጀክትም ራሱ ደሃውን ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ርካሹና በብዙ አገር የተሰራጨው የቲፒ-ሊንክ 841ኤን ሣጥን የያዘው 4 ሜጋባይት ቋሚ ማኅደርና 32 ሜጋባይት የሥራ ማኅደር ነው። ሊኑክስ እያደገ ሲሄድ ይህ ጠበበውና፣ ለእንዲህ ያሉ ሣጥኖች የመጨረሻ የሆነው የ19.07 ተከታታይ እትም እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። በ2024 ፕሮጀክቱ ኦፕን ደብሊው-አር-ቲ ዋን የተባለውን የራሱን ሣጥን ሲያወጣ ዋጋው 89 ዶላር ነበር። የ841ኤን ባለቤት የ19.07ን ፋይል አሁንም ከመዝገቡ አውርዶ ሊጭን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍንለት ግን የለም።