መምህር ለመሆን እያሰባችሁ ነው? ስልጠናው የሚመራባቸው 5 እሴቶች

ቱሉ ዲምቱ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ነው። ሰፈሩ ግን በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከየክፍለ ከተማው የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ የነባር ነዋሪዎች ልጆች አብረው የሚያድጉበት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ የሚያስተምር አዲስ መምህር ምን ይዞ ክፍል መግባት አለበት?

📌 መነሻው

በ1995/96 ዓ.ም አካባቢ የአገሪቱ የመምህራን ስልጠና "ቴሶ" በተባለ ፕሮግራም ተቀየረ። ሐሳቡ፦ ሌክቸር ሰምቶ መመረቅ ብቻ አይበቃም፣ ሰልጣኙ ትምህርት ቤት ገብቶ ይለማመድ የሚል ነበር። ቀጥሎ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን "ፒጂዲቲ" መጣ፦ መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ፣ ከዚያ የማስተማር ስልጠና። አሰራሩ ቢቀያየርም እሴቶቹ ብዙም አልተለወጡም።

1. ትምህርቱን ማወቅ

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ የመምህር ብቻ አይደለም። ግን መምህሩ ራሱ ያልገባውን ማስረዳት አይችልም።

2. ተማሪ ተኮር መሆን

አንድ ለአምስት አደራጅቶ አንዱ ጎበዝ ሲሰራ አራቱ ስማቸውን ማስጻፍ ተማሪ ተኮር አይባልም። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ልጅ አስቦ መልስ እንዲሞክር ማድረግ ነው።

3. ሁሉንም እኩል ማየት

ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ዝም ሊል ይችላል። ያን ዝምታ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ልጁን መጣል ነው። በደንብ የማይሰማና የማያይ ተማሪም እንደዚሁ።

4. ያለ ዱላ ማስተማር

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ "እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው" ማለት ምክንያት አይሆንም።

5. መለማመድና ራስን መፈተሽ

ሰልጣኙ ያስተምራል፣ ልምድ ያለው መምህር ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ የቱ ጋ እንደሳተ ይነጋገራሉ። ከባዱ ይሄ ነው፤ ጊዜና ሰው ይፈልጋል። ፊርማ ሰብስቦ ማለፍ ከሆነ ግን ከላይ ያሉት አራቱ ለፈተና የሚሸመደዱ ቃላት ሆነው ይቀራሉ።

📌 ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ

▪️ ስንት ሳምንት ትምህርት ቤት ገብቼ አስተምራለሁ?
▪️ ሳስተምር ማን ያየኛል? ስንት ጊዜ?
▪️ አስተያየቱን የሚሰጠኝ በቃል ነው ወይስ በቁጥር ብቻ?

ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ኮሌጅ ብትገቡ ጥያቄው ያው ነው። ጥሩ መልስ የሌለው ማሰልጠኛ ዲፕሎማ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገቡ ግን ብቻችሁን ናችሁ።

መምህር መሆን ለሚያስብ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።