«ባለ 29 ጎማ» ብስክሌት አለ እንዴ?

«ባለ 29 ጎማ የተራራ ብስክሌት፣ ያልተነካ፣ ዋጋው በድርድር።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየቦታው ይታያል፤ አሁን አሁን ደግሞ ስለ ስፖርት የሚጽፉ ሰዎችም አባባሉን ሳያላምጡ መዋጥ ጀምረዋል። ባለ ስድስት ጎማ አይሱዙ እናውቃለን። ባለ 18 ጎማ ተሳቢ ሲመጣ ዳር ይዘን እናሳልፋለን። ሃያ ዘጠኝ ጎማ ያለው ሳይክል ግን የት ተፈጥሮ? ፔዳሉንስ የሚረግጠው ምን ዓይነት ጉልበተኛ ነው?

ጣጣው የ«ባለ» ነው። አማርኛ «ባለ»ን ከቁጥርና ከስም ጋር ሲያስር ይቆጥራል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ባለ አራት በር መኪና፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ። መለካት ሲፈልግ መለኪያውን መሀል ያስገባል፤ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ። «ሊትር»ን አውጥታችሁ «ባለ አምስት ጀሪካን» በሉ፤ አምስት ጀሪካን የተጫነች አህያ ትታያችኋለች። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ማስታወቂያ ጸሐፊው ብቻ እንዴት እንደረሳው አይገባኝም።

የተባለው ነገር ምን እንደሆነ አንባቢ መቼም አያጣውም። የተራራ ብስክሌት ባብዛኛው በሦስት መጠን ይመጣል፤ 26፣ 27.5 እና 29። ትልቁ ይሻላል፣ ትንሹ ይሻላል እየተባለ ከሃያ ዓመት በላይ ሲነታረኩበት ኖረዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ትልቁን «ቱዌንቲናይነር» ብለው በአጭሩ ገላግለውታል፤ እኛ ገና ነን።

«ቱዌንቲናይነር»ን እንዳለ እንውሰደው የሚሉ አሉ። የውጭ ቃል መውሰድ ነውር ሆኖ አይደለም የምቃወመው። የብስክሌት አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ብስክሌት፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳርያ፣ ቀዳዳውን የሚደፍንልን ጎሚስታ ራሱ። እነዚህ ግን ሲገቡ ስም ያልነበረውን ነገር ስም ሰጥተው ነው የገቡት። ሃያ ዘጠኝ ለሚባል ቁጥር ስም ልንበደር ነው? ቁጥሩን ከልጅነታችን ጀምሮ በራሳችን ቋንቋ ስንቆጥረው የኖርን ሰዎች!

በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ «ዐቢይ መንኮራኩር ብስክሌት» ይላሉ። ለመንኮራኩር ያለኝ ፍቅር ከማንም አያንስም። ግዕዙ «አንኰርኰረ» ሲል አንከባለለ ማለቱ ነው፤ መንኰራኵርም ከዚያው የወጣ የሚንከባለል ነገር ነው፤ በሕዝቅኤል ራእይ ውስጥም የምናገኘው እሱኑ ነው። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ መንኮራኩር ስትል ሰሚህ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። ቃሉን ለጠፈር ሰጥተነዋል። ከተሽከረከረ የወጣው «ተሽከርካሪ»ም እንዲሁ፣ የሚሽከረከረውን ክፍል ጥሎ መኪናውን በሙሉ ጠቅልሎ ወሰደ። በዚህ መሀል ባዶ የቀረውን ቦታ የያዘው ጎማ ነው። ጣሊያኖቹ ለላስቲኩ ያወጡት ስም ነበር፤ እኛ ላስቲኩንም፣ ብረቱንም፣ ሙሉውን የሚዞር ነገርም እንጠራበታለን። «ጎማው ተጣመመ» ስንል የተጣመመው ቸርኬው ነው።

ጎማን በጎማነቱ አልጣላውም። ችግሬ «29» የሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ ምን እንደሚለካ ስትመረምሩት ጉድ ይወጣዋል።

ጎንበስ በሉና ጎማው ጎን ላይ የታተመውን አንብቡ። 29 በ2.25 ከሚለው አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ጽሑፍ፣ 57-622 የሚል ታገኛላችሁ። 57 የጎማው ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። 622 ደግሞ የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር። ሁለት ጊዜ 57ን በ622 ላይ ደምሩ፤ 736 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ይህም 29 ኢንች ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ቃሉን ጠብቋል። አሁን እዚያው ቸርኬ ላይ 37 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከተማ ጎማ አግቡበት። የውጭ ቁመቱ 696 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በኢንች 27.4። ጎኑ ላይ የሚጻፍበት ግን 28 ነው! አንድ ቸርኬ፣ በወፍራሙ 29፣ በቀጭኑ 28፤ ባለ እሽቅድምድሞቹ ደግሞ ያንኑ 622 «700ሲ» ይሉታል።

የ26 ቁጥሩ ይብሳል። በተራራ ብስክሌት 26 ማለት 559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ነው። በድሮዎቹ ቀጭን ጎማ ሳይክሎች 26 በ1⅜ የሚባለው ደግሞ 590 ነው። ሁለቱም «26»፤ አንዱ ግን የሌላው ቸርኬ ላይ በምንም ተአምር አይገባም። ጥቋቁሮቹ ከባድ 28 በ1½ ሳይክሎችም እንደዚሁ 635 ናቸው እንጂ 622 አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን 27.5 ነው። «ተኩል» ሲባል በ26 እና በ29 መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ የቆመ ይመስላል፤ ሻጮችም እንዲመስል ነው የፈለጉት። ቸርኬው ግን 584 ነው። ከ26ቱ የሚበልጠው በ25 ሚሊ ሜትር፣ ከ29ኙ የሚያንሰው በ38። መካከለኛ የተባለው ከታናሽ ወንድሙ ጎን ተጠግቶ የቆመ ነው። መጠኑም አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዮች «650ቢ» እያሉ ሲጠቀሙበት የኖሩትን እ.ኤ.አ. በ2007 ኪርክ ፓሴንቲ የተባለ አሜሪካዊ ለተራራ የሚሆን ጎማ አሠርቶለት ነው ከሞት የተነሣው።

እንግዲህ «ባለ 29 ኢንች» የሚለውም፣ ሰዋስዉ ምንም ቢያምር፣ ውሸት አለበት። ኢንች ያለ ሰው ሜትር ዘርግቶ ሊለካ ይችላል፤ ሲለካ ደግሞ የተጻፈውን ሁልጊዜ አያገኝም። የእኔ ምርጫ ስለዚህ «29 ቁጥር» ነው። 42 ቁጥር ጫማ የሚገዛ ሰው አርባ ሁለት ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሴንቲ ሜትር እንዳልሆነ ያውቃል፣ እግሩ እንደሚገባበት ያውቃል፣ በቃ። የመኪና ጎማ ሻጮቻችንም 14 ቁጥር፣ 15 ቁጥር ሲሉ ኖረዋል። «ቁጥር» በአማርኛ ልክ ነኝ አይልም፤ መጠሪያ ነኝ ይላል። 29 ቁጥር፣ 26 ቁጥር፣ 27 ተኩል ቁጥር። እንዲያውም «ተኩል» በጫማ ቤት አማርኛ የለመድነው ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «29 ቁጥር ብስክሌት ስትል ደረቱ ላይ 29 የለጠፈ ተወዳዳሪ ነው የመጣብኝ» አለኝ። ክፉ ተቃውሞ አይደለም፤ መልሱ ግን ከራሱ ከቋንቋው አለ። ለተወዳዳሪው «ቁጥር 29» እንላለን፣ ቁጥር ቀድሞ። ለመጠን ሲሆን «29 ቁጥር»፣ ቁጥር ተከትሎ። የአውቶቡስ መስመርን «29 ቁጥር» ብለን ስንጠራ ሕጉ እንደሚፈርስ አልክድም። ሆኖም አውቶቡስና ጎማ ማንም አያምታታም።

ቁጥሩ ለገበያና ለጋራዥ ይበቃል። ለወግ ግን፣ «ትልቁ ነው ትንሹ የሚሻለው?» ለሚለው ንትርክ፣ ሌላ ጥንድ ቃል ያስፈልገናል፤ «ትልቅ ጎማ» ሲባል ውፍረቱም ቁመቱም ስለሚመጣ። እዚህ ላይ «እግር»ን ማስነሣት እወዳለሁ። ባጃጁን ባለ ሦስት እግር ስንል የቆጠርነው የሚዞሩትን ክፍሎች ነው፤ ማለትም አማርኛ ለዚህ ነገር የራሱ ስም ነበረው፣ አለውም። እግረ ረጅም እና እግረ አጭር ብንላቸውስ?

ቃሉ ያማረኝ ለጌጡ ብቻ አይደለም፤ ሥራውንም ይገልጻል። የብስክሌት እግር ርዝመት ማለት ከመሀል ማዞሪያው እስከ መሬት ያለው ነው። በተለመደ ጎማ ሲለካ በ29 ቁጥሩና በ26 ቁጥሩ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሁለት ጣት ያህል መሆኑ ነው። ከዚህች ሁለት ጣት ነው ሁሉ ነገር የሚመጣው። እግረ ረጅሙ ድንጋይና ሥር ሲያጋጥመው በለዘብተኛ ማዕዘን ይወጣዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አይሰምጥም፣ አንዴ ከፈጠነ ፍጥነቱን አይጥልም። ዕዳውም አለበት፤ ቸርኬውና ጎማው ይከብዳሉ፣ ከቆመበት ለመነሣት ይለግማል፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ይንቀራፈፋል። ቁመቱ አጠር ላለ ነጂ ደግሞ መሪው ከፍ ይልበታል፤ የፊቱ ጎማም ሲታጠፍ የጫማውን ጫፍ ሊነካው ይችላል። እግረ አጭሩ በአንጻሩ ተወርዋሪ፣ ተጣጣፊና ጠንካራ ነው፤ ዝላይ ለሚወድ ሰው ጨዋታ ያውቃል። እንጦጦ ላይ ድንጋያማ ዳገት ለሚገፋ መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ምከር ብባል፣ ያለ ማመንታት እግረ ረጅሙን እላለሁ።

26 ቁጥር ለምን መጀመሪያ መጣ? ማንም አስቦ የመረጠው እንዳይመስላችሁ። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት አወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ የታማልፓይስ ተራራ ወጣቶች ቁልቁለት ወርዶ ሳይሰበር የሚተርፍ ነገር ሲፈልጉ ያገኙት ያንኑ አሮጌ ብረት ነበር። በ1976 ውድድር ጀመሩበት፤ ቁልቁለቱ የኋላ ፍሬኑን ከማጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ያልቅና በየጊዜው እንደ አዲስ መሞላት ነበረበት፣ ውድድሩንም በዚሁ «ሪፓክ» አሉት። አሮጌዎቹ ሳይክሎች 26 ስለነበሩ ዓለም ለሠላሳ ዓመት 26 ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው እውነተኛ 29 ቁጥር የተራራ ጎማ የወጣው በ1999 ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ በ29 ቁጥር፣ ስዊዙ ኒኖ ሹርተር በ27 ተኩል ቁጥር ተፋጠው በመጨረሻ ኩልሃቪ በአንድ ሰከንድ ቀደመ። ሹርተርም ኋላ ላይ ወደ 29 ተሻግሯል።

አሁን ደግሞ ፊት 29፣ ኋላ 27 ተኩል የሚገጠምበት መጥቷል። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈቀደው ወዲህ የቁልቁለት ተወዳዳሪዎች በስፋት ይዘውታል፤ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሲለጠጡ መቀመጫቸው ከጎማው ጋር እንዳይፋተግ ነው፣ ኋላውም ቶሎ ይታጠፋል። እንግሊዝኛው ይህን በአንድ የፀጉር ቁርጥ ስም «ሙሌት» ይለዋል። እንዳለ በፊደላችን ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፤ ሙሌት ማለት ለእኛ የግድብ ውሃ ነው! «የሙሌት ብስክሌት» የሚል ርእስ ያየ ሰው ስንተኛው ዙር ላይ ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። «ቅይጥ»ም ያስኬዳል፤ ግን የቱ ከየት እንደተቀየጠ አይናገርም። ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ፍጥረት ከፈለግን ከጅብ የተሻለ ማን አለን? ገብስን ገብስማ ያለ ቋንቋ ጅብን «ጅብማ» ለማለት አይቸገርም። «ጅብማ ነው፣ ፊቱ 29 ቁጥር» ካላችሁ ነገሩ አለቀ።

ጅብማ የገዛ ሰው ግን ካላማዳርያ ሲይዝ የፊቱንና የኋላውን ይለይ። መንገድ ላይ ከተቸገረ የኋላው ካላማዳርያ ፊት ላይ ተለጥጦ ይገባለታል። የፊቱን ኋላ ካስገባው ግን ይታጠፋል፤ የታጠፈበት ቦታ ላይም ይበሳል።